በስሜ የወጡ አሥራ ሰባት ቁጥሮች

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የድሮውን ደብተር ምስጥ በላው። የሁለት ዓመት ጽሑፍ! እሷ ጠግባለች፣ እኔ ተናድጃለሁ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሙሉወርቅ ነኝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ያለችው ሐጂ አብዱልናስር ግቢ፣ ከሱቃቸው ጀርባ፣ ከሣር ዳሱ ሥር ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ ዲሹ አለ። ጦርነቱ የኢንተርኔቱን መስመር ሁሉ ሲያጠፋው ሰፈሩ አዋጥቶ የገዛው ዲሽ። ኢንተርኔት ከሰማይ ያወርዳል፣ ማንም አይከፍልበትም። ለአንድ ሰው ሰባት ደቂቃ። ሴቶች ይቀድማሉ። መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን ይቀዳል፤ የምቀዳለትም የምልክለትም እኔ ነኝ።

በዚህ ሰበብ የሰዉን ጉዳይ ሁሉ አውቃለሁ። ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን እናቱ መሞቷን ገና እንዳልሰማ... ዲሹን የሚጠብቀው ሶፎኒያስ «አንቺ እያለሽ የንስሐ አባት ምን ይሠራል?» ይለኛል። ካርቱም ሳለ የስልክ ማማ ይጠግን ነበር። ሳይስቅ ነው የሚቀልደው።

ዛሬ ባትሪው ቀድሞ ደከመ። ሃያ ሰው ገና ተሰልፎ። ሶፎኒያስ የፀሐይ ሰሌዳውን አቧራ ሊወለውል ጣሪያ ወጣ። ጨርቁ ግን የኔ! ለሙሽራ ቀሚስ ያስቀመጥኩት ገበር። ጮህኩበት። ኣማኑኤል ከታች መሰላሉን ይዞ ይስቅብኛል። ከሐምዳይት የስደተኞች ካምፕ የመጣው ልጅ፣ ጡብ የሚሸከመው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ለአክስቱ ለለተብርሃን ድምፅ ቀድቼ ልኬለታለሁ። የት አገር ነች ስለው «በረዶ አገር» ብቻ አለኝ። ሲጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትግርኛ «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ደህና ቀን ነበር።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ተሻለ ደወለ። ወንድሜ የሚደውለው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ፋሽጋ ማሽላ ያጭዳል። እርሻው ላይ መብራት የለም፤ ሐሙስ ጄኔሬተር ሲነሳ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን ይሰካል። ከዚያ ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ሁለት ደቂቃ ያወራኛል፣ ባትሪ ለመቆጠብ ያጠፋዋል። እስከሚቀጥለው ሐሙስ ወንድም የለኝም።

«በላህ?»
«በላሁ።»
«ምን?»
«ምን ይሆናል? አሲዳ ነዋ!»
«እጅህ ዳነ?»
«አንቺ ደግሞ... ቻው በይ፣ ሰው ስልክ ይጠብቃል።»

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔና እህታችን እሌኒ ነን ያሳደግነው። እሌኒ አሁን ባህሬን ሰው ቤት ትሠራለች። ፊደል አልቆጠረም፤ መልእክት ብጽፍለት የሚያነብለት ሰው መፈለግ አለበት።

ቁጥሩ በኔ ስም ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ሸሪሓ አያወጣም፤ ሲም ካርድን እዚህ እንዲህ ነው የምንለው። ስለዚህ ወረቀት ያለው ለሌለው ያወጣለታል። ሁሉም ሰው ያደርገዋል። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም... አሥራ ሰባት ደርሰዋል። የኣማኑኤልም አንዱ ነው። ቁጥሩንና ባለቤቱን በልብስ መለኪያ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌያቸዋለሁ። አንዳንዴ ገልጬ እቆጥራቸዋለሁ። አሥራ ሰባት ሰው በኔ ስም ያወራል። ምን እንደሚያወራ ማን ያውቃል?

ኅዳር 21፣ እሑድ

ኸድር መጣ። ከገላባት ጀምሮ የማውቀው ነጋዴ ነው። ገበያው ውስጥ አምስት ዲሽ አለው፣ በሰዓት ያስከፍላል። ነጭ ጀላቢያ፣ ሽቶ፣ ሁለት ስልክ። ለሐጂ ስኳር ይዞ ነው የመጣው። ስኳሩን ሳይ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ሐጂ፣ አዲስ መመሪያ እየመጣ ነው። ፈቃድ የሌለው ዲሽ በወሩ መጨረሻ ይነሳል። ፈቃድ ደግሞ ለነጋዴ እንጂ ለሰፈር አይሰጥም።»
«ታዲያ ምን ይሻላል?»
«ከኔ ፈቃድ ሥር ግቡ። ሁለት ዲሽ እጨምራለሁ። ባትሪም። ሰባት ደቂቃ ኸላስ፣ ቀረ! ሰው ቀኑን ሙሉ ያውራ። በነፃ!»

ሶፎኒያስ ከመሰላሉ ሳይወርድ «አንተስ ምን ታገኛለህ?» አለው።
«አጅር፣ የፈጣሪ ዋጋ» አለ፣ ወደ ሰማይ እያሳየ። ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ሰዉ ስሙን ያስመዘግባል፣ ይኸው ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ። በባለቤቱ ስም ያልተመዘገበ ቁጥር ግን አይገባም።»

መርፌዋ ጣቴን ወጋችኝ። ማንም አላየም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ተሰበሰብን። ሐጂ፣ ሶፎኒያስ፣ እኔ፣ ዳሊያ። ዳሊያ ከካርቱም የተፈናቀለች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እናቷ ሐበሻ። በአማርኛ ጀምራ በዓረብኛ ትጨርሳለች።

ሶፎኒያስ፦ «ስማችን ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ ይህን ይመልስ።»
ዳሊያ፦ «በስ፣ ግን... ዲሹን ቢወስዱትስ? እናቴ ከአባቴ ጋር የምታወራው በዚህ ነው። ማፊ ጌሩ!» ሌላ የለም ማለቷ ነው።
ሐጂ፦ «ኸድር ክፉ ሰው አይደለም። ነጋዴ ነው።»
ሶፎኒያስ፦ «እኔም ክፉ ነው አላልኩም።»

መልሱ እስኪታወቅ ማንም እንዳይመዘገብ ተባለ። እጄን አወጣሁ፣ ተስማማሁ። ሰባ ሰው የሚጠቀምበትን ነገር አራት ሰው ዳስ ሥር ቁጭ ብሎ ይወስናል። ማን ሾመን? ግን እኛ ካልወሰንን ኸድር ይወስናል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ደንበኛዬ ሰዓዲያ ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ ወሬ ጣለችብኝ። ከሰላ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ታሰረች አሉ። በስሟ ያወጣችለት ሰው በዚያ ቁጥር ሰው አጭበርብሮ። «እሱ የለም፣ እሷ አለች። በስምሽ የወጣ ሁሉ አንቺው ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ለካች፣ ወገቡ ጠበበ ብላ ተቆጣች።

ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክል በሩ ላይ ቆመ። ደብተሩን ከቀሚሴ ሥር ደበቅኩት። ላቤ ወረደ። ለካ ሐጂ ዘንድ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። ሳሙናውን ይዞ እስኪሄድ ደብተሩን አላወጣሁትም።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እስር ቤት ብገባ ተሻለ ሐሙስ ሲደውል ማን ያነሳል?

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ልጻፈው። ለማንም አልናገርም እንጂ እዚህ ልጻፈው።

ኸድር ቢሮ ሄድኩ። ብቻዬን። ደብተሬን በሻሽ ጠቅልዬ። «ቁጥሮቹን ከስሜ ላይ ማውረድ እፈልጋለሁ» አልኩት። «አህለን ኡኽቲ፣ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ! ባለቤቶቹን ጻፊልኝ፣ አለቀ» አለ። ውሃ አስመጣልኝ። ማቀዝቀዣው ይነፍሳል። ከዚያ ሙቀት ገብቼ እንዲያ ያለ ወንበር ላይ ስቀመጥ... ብቻ ልቤ ረጋ።

ቅጹ በአማርኛም በዓረብኛም ነው። ስም። የሥራ ቦታ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ። የዘመዱ ስልክ። ዝምድናው። አሥራ ሰባት ቅጽ ሞላሁ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው፣ ኸድርም አደነቀው። ባዶ መስመር ትቼ መሄድ አልወድም፤ የሁሉንም አውቃለሁና የሁሉንም ሞላሁ። የኣማኑኤል አክስት አገር ላይ ስደርስ ቆምኩ። በረዶ አገር... ኖርዌይ ብዬ ጻፍኩ። መቼም ከዚያ አይርቅም።

የተሻለንም ሞላሁ። ፋሽጋ። እህት፣ እሌኒ፣ ባህሬን።

ለእነሱ ብዬ ነው? ቁጥራቸው እንዳይዘጋ? አዎ። ለራሴም ብዬ ነው። ከሁሉ በላይ ለራሴ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ሁለት ሌሊት በደንብ ተኛሁ። ሶፎኒያስን ግን ዓይኑን አላየውም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ተሻለ ደወለ። በላሁ አለ። እጁ ድኗል። ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ያለ ቀን ይብዛልኝ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ጽሕፈቴ አያምርም ዛሬ።

ኣማኑኤል እየዘለለ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ሰልፉን ሁሉ እየሳመ። «አክስቴ ሰው ልካልኛለች!» ትናንት አንድ ሰው ደውሎለት። ስሙን ያውቃል፣ ጡብ የሚሸከምበትን ቦታ ያውቃል፣ ለተብርሃን ብሎ አክስቱን ጠራት። «ወረቀትህን ጨርሳለች፣ መኪና ይወስድሃል፣ ለማንም አትንገር» ብሎታል። እሱ ደግሞ ለሁሉም እየነገረ!

ከዚያ ሳቀና እንዲህ አለ፦ «ሰውዬው ግን ደንቆሮ ነው። ‘ኖርዌይ ያለችው አክስትህ’ ይለኛል። አክስቴ ስዊድን ነች!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አፌ ሳቀ።

ኖርዌይ ያልኩት እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ለተብርሃንን ኖርዌይ ያስቀመጣት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም የኔ ጽሕፈት ነው።

ለምን አልተናገርኩም? ያኔውኑ፣ ሸሚዙን ይዤ «አትሂድ» ማለት ነበረብኝ። «እንዴት አወቅሽ?» ይሉኛላ። ሶፎኒያስ እዚያ ቆሟል። ሐጂ እዚያ ተቀምጠዋል። ሰልፉ በሙሉ። ዘመዳቸውን አንድ በአንድ የጻፍኩባቸው ሰዎች... ነገ ጠዋት ለብቻው እነግረዋለሁ። ጡብ ከመጫናቸው በፊት እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ሄጄ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወስደውታል።

አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል። «ተሰነባበትን፣ እናንተንም ሰላም በልልኝ ብሏል» አለኝ። ደስ ብሎታል። ነጭ መኪና ነበር አለ፣ ጥሩ መኪና።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

በአራት ሰዓት ለተብርሃን ድምፅ ላከች። እንደ ልማዳችን ከፍ አድርጌ አጫወትኩት፣ ኣማኑኤል ባይኖርም ጓደኛው እንዲሰማ። መሃል ላይ ላቆመው ፈልጌ ነበር። በትግርኛ እያለቀሰች ነው። ደውለውላታል። የእሱን ድምፅ አሰምተዋታል። ይጮሃል። ገንዘብ ይላሉ። «መን ሂብዎም ስመይ?» ትላለች ደጋግማ። ስሜን ማን ሰጣቸው?

ሰልፉ ውስጥ ያለች አንዲት እናት አፏን በቶቧ ሸፈነች።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም። ቅጹን ነገርኳቸው። ኖርዌይን ነገርኳቸው። ሰኞ አውቄ ዝም ማለቴንም ነገርኳቸው፤ እሱን መተው እችል ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር። ጓደኛው ቀስ ብሎ መጣና ፊቴ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። «ሰኞ?» አለኝ ብቻ። «ሰኞ ታውቂ ነበር?»

ሐጂ «በቃ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ሶፎኒያስ ስልኬን ከእጄ ወስዶ የአሥራ ስድስቱን ቁጥር ያዘ። እዚህ ያሉትን አሥራ አምስቱን እስከ ማታ ድረስ ከዳሊያ ጋር እየዞሩ አስጠነቀቁ። በዘመዳችሁ ስም የሚጠራችሁን አትመኑ፣ አትሂዱ። ለሦስቱ ተደውሎላቸዋል። አንዷ ሻንጣዋን አሰናድታ ነበር።

የቀረው የወንድሜ ቁጥር ነው። የሱ ስልክ ዝግ ነው። ነገ ሐሙስ። ነገ ይከፍተዋል። ማን ይቀድማል፣ እኔ ወይስ እነሱ?

መልእክት ልጻፍለት? ማን ያነብለታል? የሚያነብለት ሰው ራሱ ከእነሱ ወገን ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ከንጋት ጀምሮ ደወልኩ። ዝግ። ዝግ። ዝግ። የስፌት መኪናዬን አልነካሁም። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠራ... ወይኔ ብዬ ተነሳሁ። ለካ አልጠራም። ተይዟል። መስመሩ ተይዟል!

ለተሻለ ከኔ በቀር ማን ይደውልለታል? እሌኒ ቁጥሩን እንኳ በቃሏ አታውቀውም። እንደገና ደወልኩ፣ ተይዟል። እንደገና። ስድስት ደቂቃ። ለኔ ሁለት ደቂቃ የሚሰስት ልጅ ስድስት ደቂቃ አወራ። ከዚያ ጠፋ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ዳሊያ «ኻልቶ፣ እትዬ፣ ጫማሽን!» እያለች ከኋላዬ። የስልክ ቢሮው ደረስን፤ እነዚያ ሰዎች እንዳይደውሉባቸው ቁጥሮቹን ሁሉ ላዘጋ። ቁጥሮቹ ከስሜ ላይ ወርደው ቢሆንስ? እዘጋቸዋለሁ ስል ‘ያንቺ አይደሉም’ ቢሉኝስ? ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሰጠሁ። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ።

«ሰብዐታሸር?» አሥራ ሰባት በስምሽ?

ኸድር ጋ መመዝገብ ምንም አላወረደም። ሁሉም አሁንም የኔ ናቸው። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝም ፈርቼም አላውቅም፣ በአንድ ጊዜ።

«ይዘጉ በይው» አልኳት ዳሊያን። «ለምን?» አለ። «ጠፍተውብኛል።» «አሥራ ሰባት ስልክ ጠፋብሽ?» ዳሊያ አንገቷን ደፋች። ጸሐፊው ብድግ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው ሊጠራብኝ ነው አልኩ። የከሰላዋ ሴትዮ ታየችኝ። በሩ ክፍት ነው፣ መሮጥ እችላለሁ... አልሮጥኩም። ወረቀት ይዞ ተመለሰ። በየቁጥሩ ፈርሚ አለኝ።

ፈረምኩ። የወንድሜን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። አሁን ብዘጋው ነገ አይደርሱበትም፣ እኔም አልደርስበትም። ዛሬ ነግረውት ጨርሰው ከሆነስ? እየሄደ ከሆነስ? መንገድ ላይ ሆኖ ለኔ ሊደውል ቢፈልግስ? ዳሊያ ትከሻዬን ያዘችኝ። ፈረምኩ።

አንድ ቀረች። የኣማኑኤል። «ይህችስ?» አለ ጸሐፊው።

ምናልባት ቢያመልጥ። ምናልባት አንድ ቀን ስልኩ እጁ ቢገባ። «ትቆይ» አልኩ።

«በስምሽ ናት፣ ምን እንደሚሠራባት ታውቂያለሽ?» አለኝ፣ በዳሊያ በኩል።

«አላውቅም። ትቆይ።»

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ የማንንም ስም አልጽፍም። የመለኪያውን ደብተር የጀርባ ገጾች ቀድጄ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። ቀለሙ እስኪለቅ ቆሜ አየሁ።

የግቢያችን ሽማግሌ፣ ዲሻችንን የሚጠብቀው ባለ ዲሹና እኔ ነጋዴው ዘንድ ሄድን። አልካደም። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፣ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ።

«ስሙን ለገንዘብ አስተላላፊዎች ሰጠሁ። ስምምነታችን እንደዚያ ነው። ዲሾቼን የገዙልኝ እነሱ ናቸው። ለማን ከውጭ እንደሚላክለት ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ደንበኛ ለማድረግ።»
«ከእነሱስ ወደ ማን ሄደ?»
«ወላሂ አላውቅም።»

አመንኩት። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አላወቀም። ጠረጴዛው ላይ ከኔ በኋላ የተሞሉ ቅጾች ተከምረዋል። ባለ ዲሹ ቅጾቹን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ነጋዴው እጁን ያዘው።

«የናንተ ዲሽ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? አንተ። አንተ ስትታመምስ? እኔ ስታመም የኔ ይሠራል። ሰው የሚፈልገው የሚሠራውን ነው። በነፃ የሚባል ነገር በናንተም ዘንድ የለም፣ በሰው ጫንቃ ላይ ነው ያለው።»

ባለ ዲሹ እጁን አስለቀቀ። ሽማግሌው ቅጾቹን እያዩ «ሰው የኔ ጫንቃ ላይ ሲሆን ስሙን አልጠይቀውም» አሉና በትራቸውን አንስተው ወጡ። «ስኳሩን ባልበላሁት ኖሮ» ሲሉ ሰማኋቸው በመንገድ ላይ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ዲሹ ወረደ። ሁለት ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ፣ ፈቃድ አለ? የለም። አልተሳደቡም፣ መሰላላችንን እንኳ ተውሰው ነው የወጡት። ባለ ዲሹ ሽቦውን ራሱ ፈታላቸው፣ እንዳይበጥሱት። ሰልፍ የያዘው ሰው ትንሽ ቆሞ አየና ወደ ገበያው ሄደ፣ ወደ ነጋዴው። ምን ያድርግ? የናቱን ድምፅ መስማት ይፈልጋል። «ቅጹን ባዶ ተዉት፣ ውሸት ጻፉ!» እያልኩ እስከ ጥግ ድረስ ተከተልኳቸው። አንዳንዱ ሰማኝ። አንዳንዱ ከኔ ምክር አይፈልግም፣ አይፈረድበትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ማሽላ ሊጭን ወደ ፋሽጋ የሚሄድ ሎሪ አለ። ሹፌሩ ሐበሻ ነው፣ እዚህ ግቢ ነበር ከሚስቱ ጋር የሚያወራው። ባለ ዲሹ አሮጌ ስልክ ሰጠው። ድምፅ የምቀዳው ያው እኔ ነኝ፤ ሰዉ ግን አሁን ወሬውን ብቻ ይቀዳል፣ ስም የለም፣ አገር የለም። ሹፌሩ በየእርሻው እየቆመ ያጫውታል፣ ድምፁን ያወቀ ይመልሳል።

እኔም ቀዳሁ። «አንተ፣ እኔ ነኝ። ስልክህን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በእህታችን ስም የደወለልህ ሰው ሌባ ነው። እንዳትሄድ። እግሬ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ» ብዬ... እግርህ ላይ ማለቴ ነበር። ድጋሚ አልቀዳሁትም፣ ሎሪው ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ሎሪው አልተመለሰም።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሐሙስ። ልማድ ሆኖብኝ ስልኬን አራት ሰዓት ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥሩን ራሴ ዘግቼው! ለማንም አልነገርኩም፣ ግን ደወልኩለት። ሴትየዋ በዓረብኛ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም አለችኝ።

ከባህሬን እህቴ ደወለች፤ ከሱዳን አንድ የማታውቀው ቁጥር ደውሎባት አላነሳችም። ቁጥሬን እንዴት አገኙት ትለኛለች። ነገርኳት። «እሱ ከሞተ አላናግርሽም» አለችኝና ዘጋች።

ፋሽጋ ውስጥ ነጭ መኪና ታየ የሚል ወሬ አለ። ነጭ መኪና ስንት አለ በዚህ አገር።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሎሪው ገባ። ጎማው ፈንድቶ መፋዛ ከተማ ላይ ሦስት ቀን ቆሞ ነው አለ ሹፌሩ። ባለ ዲሹ ስልኩን ከእጁ ተቀብሎ ዳሱ ሥር አስቀመጠው። አርባ ሦስት ድምፅ ይዞ መጥቷል። ሰዉ ቀስ በቀስ ተሰበሰበ፣ ከገበያው ሰልፍም ጥለው የመጡ አሉ። ተማሪዋ አንድ በአንድ ታጫውታለች፤ ድምፁን ያወቀ እጁን ያነሳል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል።

ሃያ ዘጠነኛው ላይ ገና ትንፋሹን ስሰማ አወቅኩት። እጄን አነሳሁ፣ ልጅቷ ስልኩን አመጣችልኝ።

«አንቺ ሴትዮ! ይሄ ሹፌር ሰው ሁሉ ፊት ድምፅሽን ለቀቀብኝ፣ ሲስቁብኝ ዋሉ! ሌባ ነው ትያለሽ። ላንቺ ሌባ ያልሆነ ሰው አለ? የእህቴ ሰው ነው የደወለልኝ። ‘ነገ ስልክህን ክፈትና ጠብቅ፣ መኪናው የሚቆምበትን እነግርሃለሁ’ አለኝ። እኔ ጨርቄን ጠቅልዬ ጉብታው ላይ ፀሐይ ሲያነደኝ ዋልኩ፣ ስልኩ ጭጭ! ለካ አንቺ ነሽ። በስምሽ ስለሆነ ነው የምትጫወቺብኝ? ምቀኛ! ድሮም እንዲህ ነሽ። አሳዳጊህ ነኝ ብለሽ እስከ መቼ... ማሽላው የወር ሥራ ይቀረዋል፣ እሱን እጨርስና መጥቼ አናግርሻለሁ። ስልኩን አስከፍቺልኝ። ሰማሽ? ምቀኛ።»

እዚያ ነው። ማሽላው ላይ ነው። ተቆጥቷል፣ ፀሐይ አቃጥላዋለች፣ አላመነኝም፣ እዚያ ነው።

ስድቡን አምስት ጊዜ አዳመጥኩት። ለስድስተኛ ጊዜ ስጫነው ልጅቷ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «ኻልቶ፣ ሰው ተራ ይጠብቃል።»

ጡብ የሚሸከመውን ልጅ፣ አክስቱ ከበረዶ አገር የከፈለችውን ከፍላም፣ ገና አልለቀቁትም። ያቺ አንዷ ቁጥር አሁንም በስሜ ናት፤ በየጠዋቱ እደውልባታለሁ፣ ዝግ ናት። ስልኩን ላቀብል ዞር ስል ከኋላዬ የቆመው ያ አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ነው። ሎሪው ልጁ ወደተወሰደበት አልሄደም። ለሱ የመጣ ድምፅ የለም። ያውቃል። ቢሆንም ተሰልፏል።